ስድስት ፈረስ በአገዳ ሚዛን

ዓመተ ምሕረቱን ንገረን ብትሉኝ አልችልም። ደርግ ከገባ ቆየት ብሏል፤ መሠረተ ትምህርት በየቀበሌው ተጀምሯል፤ እኔም ከሥራ ስወጣ ከሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተደርድሬ ፊደል እቆጥር ነበር። ከዚህ የጠራ ነገር በእጄ የለም። የጋሪ ሰው ዘመን የሚቆጥረው በፈረስ ነው። «በቡላ ጊዜ»፣ «በዳማ ጊዜ» እንላለን እንጂ ዓመተ ምሕረት ማን ያስታውሳል። ይኼ አሁን የማወራችሁ በቦራ ጊዜ የሆነ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጅ ልጄ ቤዛ ናት። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት መጣችና ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ፣ «አባባ፣ ዛሬ በእንጨት ለኩን!» አለችኝ።

«ምን አጥፍታችሁ?» አልኳት። እኔ የማውቀው እንጨትና ተማሪ የሚገናኙበትን አንዱን ምክንያት ብቻ ነው።

ሳቀችብኝ። ለካስ የጤና ሰዎች መጥተው የሆድ ትል መድኃኒት ሲያድሉ ኖሯል። ቀለም የተቀባ ረጅም እንጨት ያቆሙና ልጁን ያስጠጉታል፤ ራሱ የደረሰበት መስመር ላይ የኪኒኑ ቁጥር ተጽፏል።

«እኔ ሁለት ተኩል ደረሰኝ። ሣራ አጭር ስለሆነች ሁለት ብቻ ሰጧት፤ እዬዬ ብላ አለቀሰች።»

«መድኃኒቱ መሮአት ነው?»

«ኧረ! እኩል አልሰጣችሁኝም ብላ ነው።»

ይኼን ስትል ሳቄ መጣ። መጣና አልቆም አለ። ዓይኔን በጋቢዬ ጫፍ እየጠረግሁ ብስቅ ብስቅ አያቴ ምን ነካው ብላ እናቷን ልትጠራ ተነሣች። የሣራን ልቅሶ እኔ አውቀዋለሁ። እኛም አንድ ጊዜ፣ ጢም ያበቀልን ስድስት ባለጋሪዎች፣ እንደ ሣራ ሆነን ነበር። ያውም ልጅቷ አለቀሰች እንጂ ያሏትን ውጣለች። እኛ ግን እኩል ካልሆነ ብለን ነገሩን አበላሸነው።

ያኔ ዕድሜዬ ሃያን ቢያልፍ ነው። የአጎቴን የጋሽ ተሰማን ጋሪ እነዳ ነበር። አዳማን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ዛሬ ባጃጁ እንደ ተርብ በሚርመሰመስበት አስፋልት ላይ ያን ጊዜ የሚሰማው የፈረስ ኮቴና የቃጭል ድምፅ ነው። የእኛ ተራ ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ነበር። ስድስት ጋሪ ነን። የመቂ ሽንኩርት እንጭናለን፣ የመተሐራ ሐብሐብ እንጭናለን፤ ከቆቃ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ የሚመጣ ቆሮሶ ዓሣ የጫንን ቀን ጠረኑ ሳምንት አይለቀንም፤ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ የሚሄድ ሕመምተኛም እስከ መኪናው እናደርሳለን። ኑሮው ቀላል ነበር አልልም። ግን ሳቅ ነበረበት።

ፈረሴ ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቀላ ያለ፣ ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ፈረስ ነው። አንድ ዐመል ነበረው። በገበያው መንገድ አንድ ዳቦ ቤት አለ፤ እሱን ሳይቆም አያልፍም። ዳቦ ጋጋሪው ያረረ ዳቦ እያስቀመጠ ስለሚያጎርሰው ተሳፋሪ ኖረ አልኖረ፣ ቸኮለ አልቸኮለ፣ ቦራ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ አራት እግሩን ተክሎ ይቆማል። ብትቆጣው ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ይሰማሃል፤ ግን አይንቀሳቀስም። ያረረችውን ዳቦ ካኘከ በኋላ በገዛ ፈቃዱ ይነሣል። ስንት ቀን ተሳፋሪ ሰድቦኛል በሱ የተነሣ!

እንግዲህ ክረምቱ ሲጠና ይኼ ፈረስ ከሳ። መብላት ይበላል፤ የበላው ግን የት እንደሚገባ እንጃ። ሆዱ ተነፍቶ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ጸጉሩ ቆሞ እንደ አሮጌ ምንጣፍ ሆነ። ጭራውን ከዋንዛው ግንድ ጋር እያሻሸ ጸጉሩ ተመለጠ። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ጭኜ ስንሄድ ዳቦ ቤቱ ጋ ደረስንና፣ ቦራ ሳይቆም አለፈ። ዳቦ ጋጋሪው ያረረውን ዳቦ በእጁ እንደያዘ ደጃፉ ላይ ቀረ። ያን ዕለት ነው ልቤ የወደቀው።

አጎቴ መጥቶ አየው። ጋሽ ተሰማ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰባት ነፍስ ከጋሪ የሚያበላ ሰው ነው። ቡናማ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ቦራን ዞረው።

«እስከ መስቀል እንየው» አለኝ። «ካልሆነ እለቀዋለሁ።»

መልቀቅ የሚለው ቃል ደግ ይመስላል። በእኛ ሥራ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። መጎተት ያቃተው ፈረስ ከከተማው ወጣ ተደርጎ፣ ልጓሙ ወልቆ፣ ሜዳ ላይ ይተዋል። ሲነጋ አጥንቱ ይገኛል። ጅቡ የት እንደሚጠብቅ ያውቃል። ሁሉም የሚያደርገው ነገር ስለነበር አጎቴን ክፉ ነው ያለው ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። ግን ከቦራ ጋር ሦስት ዓመት ከርሜአለሁ። ዝናብ ሲመታን አብሮ ነው የመታን።

የተራችን አለቃ ጋሽ ደጉ ይባሉ ነበር። በዕድሜም በአፍም የሚቀድማቸው የለም። ፈረሳቸውን ከዱሮ ጀምሮ «ሻለቃ» ነበር የሚሉት፤ ደርግ ሲመጣ «በአደባባይ ሻለቃን በጅራፍ ገረፍኩ ብዬ በማን አፍ ልናገር ነው?» ብለው ስሙን ቀየሩና «ዳኛው» አሉት። ጋሽ ደጉ ቦራን አይተው ፈረዱ፤ «ትል ነው። ለትል ደግሞ ከኮሶ ወዲያ ላሳር ነው» አሉ።

ኮሶ ተወቀጠ፣ ተበጠበጠ፣ በቢራ ጠርሙስ ተሞላ። ለሰው አንድ ከሆነ ለፈረስ አራት ይሁን ተባለ። የቦራን አንገት በገመድ ወደ ሰማይ ወጥረን፣ እንደ አባቶቻችን በአፍንጫው ቀዳዳ አንቆረቆርንለት። ፈረሱ ሳለ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ግማሹን እላዬ ላይ አስነጠሰው። ከዚያ በኋላ ትሉ እንደነበረ ሆኖ፣ በላዩ ላይ ሳል ተጨመረ። እኔም ሁለት ቀን ኮሶ ኮሶ ሸተትኩ።

እንስሳት ክሊኒክ የሄድኩት መኮንን በሚባል ጓደኛዬ ምክር ነው። መኮንን የተራችን ቀልደኛ ነው፤ ምክሩንም የሰጠኝ ሊቀልድብኝ ብሎ ነበር። «አዲስ ዶክተር መጥታለች አሉ፤ ሴት ናት፤ ቦቲ ጫማ ታደርጋለች። ሂድና ፈረሱን ባታድንልህ አንተን ታድንሃለች» አለኝ።

እውነትም ቦቲ አድርጋለች። ሱሪ ለብሳ፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ የአንድ ላም አፍ ውስጥ እጇን እስከ ክንዷ አስገብታ አገኘኋት። ከእኔ በሁለት ሦስት ዓመት ብትበልጥ ነው። በአርሲ በኩል፣ ፈረስ ከሚበዛበት አገር የመጣች ናት። «ዶክተር» ብዬ ጎንበስ ስል፣ «ዶክተር አይደለሁም፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ» አለች። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሄድ ድረስ ከዶክተር ሌላ ብያት አላውቅም።

ቦራን ጆሮው ሥር እያከከች በኦሮምኛ አናገረችው። ከዚያ ልክ እንደታዘዘ ፋንድያውን ጣለ። ተንበርክካ በስንጥር ከፈለችውና ጠራችኝ። ቀጫጭን ነጫጭ ነገሮች ይላወሳሉ። ሰው እንዲህ ፋንድያ ላይ አቀርቅሮ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም። «አየሃቸው? በሽታህ ይኸውልህ!» አለችኝ፤ የጠፋ ወርቅ ያገኘች ነው የምትመስለው።

«ፈረስህ ስንት ይመዝናል?»

«አምስት ኩንታል ይጎትታል፣ ዶክተር።»

«የሚጎትተውን አልጠየቅሁህም፤ እሱ ራሱ ስንት ነው?»

ፈረስ ይመዘናል ብዬ አስቤ አላውቅም። እሷም ገመድ አመጣችና ከፊት እግሩ ጀርባ በደረቱ ዙሪያ ጠመጠመች፤ ገመዱን በሜትር ለካች፤ በጣቷ አሰበችና «ሁለት ኩንታል ከአርባ» አለች። ስምንት ኪኒን ቆጠረችልኝ። ኪኒን አትበሏቸው፤ እያንዳንዱ አውራ ጣት ያህላል። «ሁሉም የእሱ ነው። ዛሬውኑ፣ በአንድ ጊዜ። በአፍንጫ ብታፈስበት ግን እኔና አንተ እንጣላለን። ያ መንገድ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው፤ ሳሉን ያመጣችሁበት እናንተ ናችሁ» አለችኝ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉ ደህና ነበር። ጥፋቱ ዋንዛው ሥር ስደርስ ነው።

የእኛን ተራ ሕግ ልንገራችሁ። እዚያ ብቻውን የሚበላ ሰው የለም። አንዱ ቆሎ ከገዛ በስድስት ይከፈላል፤ አንድ ብርቱካን ስድስት ቦታ ስንበጥስ አላፊ አግዳሚው ይስቅብናል። ሲጋራ እንኳ ሦስት ሦስት ጊዜ ተስቦ ይዞራል። ይኼ ሥርዓት ክፉ ቀን አሳልፎናል፤ አንዱ ሲታመም አምስቱ ሠርተው ቤቱን ያበሉታል። እናም ስምንቱን ኪኒን ከኪሴ ሳወጣ ስድስት ሰው ዙሪያዬን ቆመ፤ እኔን ጨምሮ ማለቴ ነው።

«ለቦራ ብቻ?» አሉ ጋሽ ደጉ። «የኔ ዳኛው ትል የለበትም? የመኮንን ፈረስ ጭራውን አላሻሸም? ከአንድ ገንዳ አይደለም የሚጠጡት?»

«ዶክተሯ ሁሉም የእሱ ነው ብላለች፣ ጋሽ ደጉ።»

«እሷ ስድስት መሆናችንን መቼ አወቀች ልጄ? ብታውቅ እንዲህ አትልም። ሰው ነች አይደል?»

መኮንን ደግሞ ቀጠለ፤ «ተወው፣ ጋሽ ደጉ። ጓድ ቦራ ቡርዥዋ ሆኗል፤ ብቻውን ይዋጥ።»

ሁሉም ሳቀ። እውነቱን ለመናገር አስገድደውኝ አይደለም። ትክክል መስሎኝ ነው። ብቻዬን ስይዘው ኪሴ ውስጥ ከብዶኝ ነበር። ከሻይ ሻጯ ሙቀጫ ተዋስን፤ ስምንቱ ኪኒን ደቀቀ፤ በሻይ ማንኪያ እየለካን ለስድስቱ ፈረስ አከፋፈልን። የመጨረሻዋ ማንኪያ ትንሽ ብትጎድል ጋሽ ደጉ ከዳኛው ድርሻ ቆንጥረው ሞሉላት። እንዲህ ያለ ፍርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ቀን ሁላችንም ደግ ሥራ እንደ ሠራ ሰው ደረታችንን ነፍተን ገባን።

ሳምንት አለፈ፤ ሁለት ሳምንት አለፈ። አዲስ ዓመት ገባ። ከስድስቱ አንድም ፈረስ አልተሻለው። ቦራማ ባሰበት፤ አሁን ሽቅብ ሲሆን ወርጄ ጋሪውን ከኋላ እገፋለታለሁ። አጎቴ በየሁለት ቀኑ ብቅ እያለ ያየዋል። መስቀል ሊደርስ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም።

ተመልሼ ክሊኒክ ሄድኩና እግሯ ሥር ያለውን መሬት እያየሁ ተናዘዝኩ። ስለ ሙቀጫው፣ ስለ ሻይ ማንኪያው፣ ጋሽ ደጉ ቆንጥረው ስለሞሏት ሁሉ ነገርኳት። መጀመሪያ አፏን በክንዷ ሸፈነች። ከዚያ ግድግዳ ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ተቆጣች።

«መድኃኒት እንደ ቆሎ ይካፈላል? ትሉን ገደላችሁት መሰላችሁ? አስቀመሳችሁት! ቀምሶ የዳነ ትል መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ለልጆቹም ያስለምዳል። እንዲህ ከደጋገማችሁ ነገ ሙሉውን ብሰጠው ይስቅብኛል።»

«አጥፍተናል፣ ዶክተር። ቦራን መስቀል ሲደርስ ሊለቁት ነው።»

መልቀቅ ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ አውቃዋለች። ፊቷ ተለወጠ። ትንሽ አሰበችና፣ «ሽማግሌያችሁ ግን በአንድ ነገር ልክ ናቸው» አለች። «ከአንድ ገንዳ የሚጠጡ፣ አንድ ቦታ ፋንድያ የሚጥሉ ፈረሶች አንዱ ብቻ ቢታከም ከሌላው መልሶ ይይዘዋል። ስድስቱም በአንድ ቀን መታከም አለባቸው። እያንዳንዱ ግን በልኩ ነው። የቀረኝ አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ለስድስት ቢበቃ ነው፤ ለግምት የሚተርፍ የለኝም። ገመድም ግምት ነው። እውነተኛ ሚዛን ያስፈልገኛል።»

«ፈረስ የሚያነሣ ሚዛን የት ይገኛል?»

በመስኮቱ ወደ ወንጂ በኩል አየች። «አገዳ በምን ይመዘናል?» አለችኝ።

በነጋታው ጠዋት ስድስት ጋሪ ተሰልፎ ከናዝሬት ወጣ። ምን ያለ ጠዋት ነበር! ዝናቡ አቁሟል፤ መሬቱ ገና አላቦነነም፤ መንገዱ ዳርና ዳር አደይ አበባ ቢጫ ምንጣፍ ሆኗል። ከፊት የእኔ ጋሪ ነው፤ ዶክተሯ ቆርቆሮዋን ጭኗ ላይ አቅፋ አጠገቤ ተቀምጣለች። ቦራን ላለማድከም በእርምጃ ነው የምንሄደው፤ ስለዚህ ሰልፉ ሁሉ እንደ ሙሽራ አጃቢ ተጎተተ። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ «ሙሽራው የታል?» ይላል። መኮንን ከኋላ፣ «ከፊት ያለው ነው፤ ባለ ነጭ ግንባሩ!» እያለ ይመልሳል። ሴቶች እልል አሉልን። ቦራ ምስኪን ሙሽራ መሆኑን አያውቅም።

ሚዛኑ የገበሬዎች ማኅበር አገዳ የሚመዝንበት ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረ ሰፊ የብረት ወለል ሲሆን ጎኑ ላይ ትንሽ የቆርቆሮ ቤት አለች። ባለሚዛኑ ከከምባታ ለአገዳ ቆረጣ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ ጠና ያለ፣ ካኪ የለበሰ ሰው ነው። ከቤቷ ወጥቶ አንድ በአንድ ቆጠረን።

«አገዳው የታል?»

«አገዳ የለም ወንድም ጋሼ፤ ፈረስ ነው የምናስመዝነው» አለች ዶክተሯ።

«ይኼ ሚዛን አገዳ እንጂ ፈረስ አያውቅም።»

«ያላወቀ ይማራል። እነዚህ ሁሉ መሠረተ ትምህርት ይማሩ የለም እንዴ?» ብላ ወደ እኛ ጠቆመች።

ሰውየው ሊስቅ አልፈለገም፤ ግን የአፉ ዳር ከዳው። «ሥጋቸውን ልትሸጡ ነው?» አለ።

«ነፍሳቸውን ልናተርፍ ነው» አለችና አንድ በአንድ አስረዳችው። ሰምቶ ሲያበቃ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «አገር ቤት ፈረስ ነበረኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዲሁ ሆዱ ተነፍቶ ነው የሞተው። በሉ አስገቡ። አገዳ የጫነ መኪና ከመጣ ግን ትወጣላችሁ!»

ችግሩ ፈረሶቹ ብረቱን ፈሩ። ሲረግጡት ከሥሩ ዱም ይላል፤ ዳኛው አንድ እግሩን አሳርፎ ወደ ኋላ ሲፈናጠር ጋሽ ደጉን ይዟቸው ሊሄድ ነበር። በጅራፍም በልመናም አልሆነ። ያን ጊዜ ዶክተሯ ከማሳው ዳር አረንጓዴ የአገዳ ጫፍ እቅፍ ሙሉ አምጥታ ብረቱ ላይ አነጠፈችው። ድምፁ ታፈነ፤ ሽታው ጣፈጠ። «ኮቱ ቦራ፣ ኮቱ» አለችው፤ ና ማለቷ ነው። ቦራ አንገቱን ዘረጋ። አሸተተ። አንድ እግሩን አስገባ፤ ሁለተኛውን አስገባ፤ አገዳውን ነክሶ መሐል ሚዛኑ ላይ ቆመ።

«የሚበላውን አገዳ ከኪሎው ቀንስ!» ብሎ መኮንን ጮኸ።

«ሁለት ኩንታል ከአሥር» አለ ባለሚዛኑ፤ የቅጠሉን ክብደት ቀንሶ ማለት ነው።

ዶክተሯ ትንሽ ደንገጥ አለች። በገመድ ሁለት ኩንታል ከአርባ ነበር ያለችው። «እኔም ተሳስቻለሁ» አለች፣ ሁላችንም ፊት። «የእሱ ሰባት ነው። ያቺን ስምንተኛዋን አላግባብ ነው የሰጠሁት።» የተማረ ሰው በሰው ፊት ተሳስቻለሁ ሲል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ጋሽ ደጉ እንኳ ባርኔጣቸውን አነሡላት።

ከዚያ በኋላ ዓመት በዓል ሆነ። እያንዳንዱ ፈረስ ሲወጣ እንወራረዳለን፣ እንጯጯኻለን። የጋሽ ደጉ ዳኛው፣ «ከሦስት ኩንታል ቢያንስ ጢሜን ላጩኝ» ያሉለት፣ ሁለት ኩንታል ከሠላሳ ሆኖ ተገኘ። «ሆዱ ነው እንጂ ዳኝነቱስ ቀላል ነው» አለ መኮንን። ጋሽ ደጉ ተናደው ራሳቸው ሚዛኑ ላይ ወጡ። ባለሚዛኑ ቀና ብሎ አያቸውና፣ «ይኼ ሚዛን እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አይቆጥርም፣ አባቴ» አላቸው። መሬት ላይ ተንከባለልን ነው የምላችሁ።

መድኃኒቱን እዚያው አንድ ግራር ጥላ ሥር ሰጠናቸው። ስድስት ክምር ኪኒን፣ እያንዳንዱ ለየብቻ፣ አንዱ ሰባት፣ አንዱ ስምንት፣ አንዱ ዘጠኝ። ባለሚዛኑ ሞላሰስ፣ ያንን ጥቁር የስኳር ዝቃጭ፣ በባልዲ አመጣልን፤ የደቀቀውን ኪኒን ከፉርሽካና ከሞላሰስ ጋር ለወስነው። አንገት በገመድ መወጠር የለም፣ ጠርሙስ የለም፣ አፍንጫ የለም። ፈረሱ ራሱ እየላሰ ይጨርሳል፤ እምቢ ካለ ብቻ፣ አንገቱ እንደተፈጥሮው ሆኖ፣ ምላሱ ላይ በጣት ይቀባል። ቦራ ባልዲውን ልሶ ሲያበቃ የእኔን እጅ ላሰ፤ እጄን ሲጨርስ የዶክተሯን ሻሽ ጀመረ።

ስንመለስ ሥርዓት አወጣችልን። ሣሩን ፋንድያ ካለበት መሬት ላይ አንጥልም፤ በከረጢት አንገታቸው ላይ እናንጠለጥላለን። ፋንድያው በየቀኑ ተጠርጎ ራቅ ብሎ ይከመራል። ገንዳው በየጠዋቱ ይታጠባል። ሁለት ቀን ሥራ የለም። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ፋንድያ ታያለች። ለእያንዳንዳችን ካርድ ጻፈችልን። እኔ ያኔ የማነበው ትልልቅ ፊደል ብቻ ነው፤ የእጅ ጽሕፈት ገና አልደረስኩበትም። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በሦስተኛው ቀን ዋንዛው ሥር የነበረውን ጉድ ማን ያምነኛል! ስድስት ሰው በቦራ ፋንድያ ዙሪያ አቀርቅሮ፣ እንደ አራስ ልጅ ጠያቂ፣ «አየህ ይኼን? ኧረ ይኼኛውስ!» ይባባላል። ሻይ ሻጯ አፍንጫዋን ይዛ ሸሸች። ትሉ በድን ሆኖ ነው የወጣው። ጋሽ ደጉ፣ «ኮሶውም ሳይረዳው አልቀረም» አሉ፤ እሳቸውን ማን ይረታቸዋል።

የመስቀል ዋዜማ አጎቴ መጣ። ገመድ ይዟል። ገመዱን ሳይ በእሱና በቦራ መካከል ገባሁ። ቦራ ገና አልወፈረም፤ አጥንቱ ዛሬም ይቆጠራል። ዓይኑ ግን ተከፍቷል፣ ጆሮው ቆሟል።

«ጋሽዬ፣ ይሻለዋል። ትንሽ ቀን...»

«የአንተን ዓይን አላምንም፤ ወደኸዋል» አለና ጋሪው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ገመዱን ጭኑ ላይ አደረገ። «ንዳው። እኔ ራሴ ልየው።»

ነዳሁት። መጀመሪያ በእርምጃ ሄደ። ከዚያ አስፋልቱን ሲረግጥ፣ እኔ ምንም ሳልለው፣ ሶምሶማ ጀመረ። ቃጭሉ ጮኸ። አጎቴ የጋሪውን ጎን ጨበጠ። ሶምሶማው ሩጫ ሆነ፤ አህያ ነጂው ዘወር አለ፤ ዶሮ ሻጩ ዶሮውን አቀፈ፤ እኔ ልጓሙን ብስብ ማን ሰምቶኝ። «ኧረ ያዘው! ያዘው አንተ ልጅ!» ይላል አጎቴ። እንዲህ እየበረርን የገበያውን መንገድ ታጠፍን፤ ከዚያ ቦራ በድንገት አራት እግሩን ተክሎ ቀጥ አለ።

የአጎቴ ባርኔጣ ከራሱ ላይ ተነሥቶ፣ በቦራ ጆሮዎች መካከል አልፎ፣ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ገባ።

ዳቦ ጋጋሪው በአንድ እጁ ባርኔጣውን፣ በአንድ እጁ ያረረ ዳቦ ይዞ ወጣ። ቦራ ባርኔጣውን አሸተተና ተወው፤ ዳቦውን ጎረሰ። እኔ እንባዬ መጣ። አጎቴ ራሱን ተላጭቶ ኖሮ፣ የተላጨው ራሱ በፀሐይ እያብለጨለጨ ፈረሱ ሲያኝክ አየ። ከዚያ ገመዱን አንሥቶ ከጋሪው ሥር ጣለው።

«ጅቡ ጦሙን ይደር» አለ።

ቦራ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጋሪ ጎተተ። ዶክተሯ ግን ሁለተኛውን ፋንድያ አይታ፣ ቦቲዋ ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ሆኖ፣ «አሁን ንጹሕ ነው» ካለችን በኋላ ብዙም አልቆየች፤ ወደ አዳሚ ቱሉ አካባቢ ተዛወረች ተባለ። ስንሰማ ሄዳለች። ስድስታችንም «ዶክተር» ስንል ኖረን፣ ሰላምታ ልንልክባት ስንል ስሟን የሚያውቅ ጠፋ። ያፈርኩትን እፍረት! ያን ቀን ካርዱን ከኪሴ አወጣሁት፤ የሌሎቹ ከጠፋ ቆይቷል፤ ለማንም ሳላሳይ አስቀመጥኩት። መሠረተ ትምህርቱን ጨርሼ፣ የእጅ ጽሕፈት እስክለይ ድረስ ወራት ፈጀብኝ። ግን ሌላ ሰው እንዲያነብልኝ አልሰጠሁም።

ባለፈው ሳምንት ለቤዛ ይኼን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ የቆርቆሮ ሣጥኔን አስመጣሁ። ካርዱ ቢጫ ሆኗል፣ በታጠፈበት በኩል ተሰንጥቋል፤ ሞላሰስ የነካው ጥጉ ዛሬም ጠቆር ያለ ነው። «ለሣራ ንገሪያት» አልኳት፤ «እኩል ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት መስጠት አይደለም። እኔ ይኼን የተማርኩት አገዳ ሚዛን ላይ ነው።»

«ሣራ አይገባትም፤ ገና ሁለት ኪኒን ናት» አለችኝና ካርዱን ከእጄ ወሰደች። እሷ እንደ ውኃ ነው የምታነበው። ፈረስ፦ ቦራ። ክብደት፦ ሁለት መቶ አሥር ኪሎ። ሰባት፣ በአንድ ጊዜ፣ ለእሱ ብቻ። «ለእሱ ብቻ» የሚለው ሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

«ከታች የተፈረመውስ? ደበዘዘብኝ፣ አባባ።»

እኔ መነጽር አላስፈለገኝም። ከእጅ ጽሕፈት በራሴ ዓይን የለየሁት የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው።

«ጫልቱ» አልኳት። «ጫልቱ ትባላለች።»